ወደ ቡሌ ሲወጣ ብቻ የሚያፈስ ሞተር

ከዲላ ተነሥቶ ወደ ቡሌ የሚወጣው መንገድ ለፊዚክስ ተማሪ ራሱን የቻለ ቤተ ሙከራ ነው። ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ያህል ላይ ስትገኝ ቡሌ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። በሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ውስጥ ቡናው ለእንሰትና ለገብስ ቦታውን ይለቃል፤ የአየሩም ግፊት ከ84 ኪሎ ፓስካል ወደ 72 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይወርዳል። ዲላ ላይ በባዶው ክዳኑ ጠብቆ የተዘጋ የውኃ ፕላስቲክ ቡሌ ሲደርስ ተወጥሮ፣ ቡሌ ላይ የተዘጋው ደግሞ ዲላ ሲደርስ ተጨማድዶ የምናገኘው በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚህ መንገድ ላይ የሚመላለስ አንድ አሮጌ ባለ ናፍጣ ፒክአፕ ለዚህ ጽሑፋችን መነሻ ሆኖናል። ባለቤቱ የአንድ የሥራ ባልደረባችን ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከቡሌ ገብስና ድንች ጭነው ወደ ዲላ ገበያ ያወርዳሉ፤ ቤተሰባቸውም የሚተዳደረው በዚሁ መኪና ነው። መኪናው የሞተር ዘይት ያፈስ ጀመር። ጠብታው የታየው ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት ሥፍራ ስለ ነበር፣ ጋራዥ ውስጥ የተሰጠው ፍርድ የኮሎው የኋላ ኦይል ሲል ተበላሽቷል የሚል ሆነ። ይህን ማገጃ ጎማ ለመለወጥ ካምቢዮው መውረድ አለበት። ወረደ፤ ተለወጠ፤ በሁለተኛው ሳምንት ማፍሰሱ ተመለሰ። እንደገና ወረደ፤ እንደገና ተለወጠ፤ እንደገና አፈሰሰ። በመጨረሻም «ሞተሩ ወርዶ ይታደስ» ተባለ። ባለቤቱ ለእድሳቱ የሚጠየቀውን ገንዘብ ከሚከፍሉ መኪናውን ለመሸጥ ቆርጠው ነበር።

እኛን የሳበን ግን አንድ ንግግራቸው ነው። «ቁልቁል ስወርድ ጠብታ የለውም፤ ሽቅብ ስወጣ ግን ግማሽ ሊትር ይጠጣብኛል» አሉን።

ይህን እንደ ሰማን የመጀመሪያ ግምታችን የተወጠረው ፕላስቲክ ነበር። የውጭው ግፊት ሲቀንስ በሞተሩ ውስጥ የታፈነው አየር ይለጠጣል፣ ዘይቱንም በደካማው በኩል ይገፋዋል አልን። ማራኪ ግምት ነበር፤ ቁጥር ሲገባበት ግን ፈረሰ። ኮሎው የሚዞርበት ክፍል አሥር ሊትር ያህል አየር ይይዛል ብንል፣ ከዲላ ቡሌ እስኪደርስ ይህ አየር ቢለጠጥ ከሁለት ሊትር በታች ነው የሚጨምረው፤ ያውም በጠቅላላው ጉዞ ጊዜ። በአንጻሩ ማናቸውም የሚሠራ ሞተር ከፒስቶኖቹ ዙሪያ፣ በፋሻዎቹ አልፎ ወደ ታች የሚሾልክ ጋዝ አለው። ያገለገለ ሞተር ሲሆን ይህ ጋዝ በደቂቃ በአሥር ሊትሮች ይቆጠራል። በሰዓት ከሁለት ሊትር በታች የሆነ ነገር በሰዓት ከሺህ ሊትር በላይ ከሆነ ነገር ጎን ሲቆም ዋጋ የለውም። ከፍታው በቀጥታ ጥፋተኛ አይደለም፤ ሆኖም አቀበቱ እጁ እንዳለበት ኋላ እናያለን።

መፍሰስ ምን እንደሚፈልግ እናስብ። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግድም ፈረንሳዊው ሐኪም ፑአዜይ ደም በቀጫጭን ሥሮች ውስጥ እንዴት እንደሚፈስ ለማወቅ ሲል ፈሳሾችን በቀጭን የመስተዋት ቱቦዎች አሳልፎ ለካ። ያገኘው ሕግ ለሞተር ዘይትም ይሠራል። የሚያልፈው መጠን ከግፊት ልዩነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከፈሳሹ ዝልግልግነት ጋር በግልብጥ፣ ከቀዳዳው ሬዲየስ ጋር ደግሞ በአራተኛ ኃይል ይዛመዳል። ቀዳዳው በእጥፍ ቢሰፋ ፍሰቱ 16 እጥፍ ያድጋል ማለት ነው። ዝልግልግነቱንም አንርሳ። 15ደብልዩ-40 የተባለው የተለመደ ዘይት በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በ40 ዲግሪ ከነበረው ሰባት ስምንት እጥፍ ቀጥኖ ይገኛል። ስለሆነም ጠዋት በግቢ ውስጥ አንዳች የማያንጠባጥብ ሞተር መንገድ ላይ ሲግል ሊያፈስ ይችላል። የተገላቢጦሹም አለ፦ ጎማ ሲበርድ ይደርቃል፣ ቅርጹንም ቶሎ አይመልስም። እ.ኤ.አ. በ1986 የቻሌንጀር መንኩራኩር አደጋ ሲጣራ ሪቻርድ ፋይንማን አንድ የጎማ ማገጃ ቁራጭ በበረዶ ውኃ ነክሮ ለሸንጎው ያሳየው ይህንኑ ነበር። በቡሌ ብርዳም ማለዳ ሞተር ሲነሣ ጥቂት አፍስሶ፣ ሲሞቅ የሚያቆም መኪና ብታዩ አትደነቁ።

ስለ ጠብታም አንድ ሒሳብ እንሥራ። በግርድፉ ሠላሳ የዘይት ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሞላል። ሌሊቱን ሙሉ፣ ለ12 ሰዓት፣ በየደቂቃው አንድ ጠብታ ቢንጠባጠብ 720 ጠብታ ይሆናል፤ ይህም ከአንድ የቡና ስኒ በታች ነው። መሬት ላይ የሚታየው እድፍ ግን ሰውን ያስደነግጣል። እንዲሁም አሥር ሚሊ ሊትር ዘይት በአንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢነጠፍ አንድ ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ሞተሩ በሙሉ ዘይት ለብሶ መታየቱ ስለ ቀዳዳው ብዛት የሚናገረው ነገር የለም። ግማሽ ሊትር በአንድ አቀበት መጥፋቱ ግን ቀልድ አይደለም።

ለምን ቢባል፣ መኪና ሽቅብ ሲወጣ በሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ቋት፣ መካኒኮች ኮፓ በሚሉት ውስጥ፣ ዘይቱ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ቋቱ ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ቢረዝም፣ የመንገዱም ዳገት አሥር በመቶ ቢሆን፣ በፊትና በኋላ ጫፎቹ መካከል የዘይቱ ከፍታ አምስት ሴንቲ ሜትር ይለያያል። ዘይቱ አስቀድሞ ከጎደለ የፓምፑ መምጠጫ አየር ሊስብ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቀዩ መብራት ይበራል። ያ መብራት በርቶ «ዳገቱን ልጨርስ» ማለት ኮሎውን ከነማረፊያዎቹ መጨረስ ነው። ወዲያው ሞተር ማጥፋት ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ወደ ምርመራው እንመለስ። በውጭ አገር ስንማር በቤተ ሙከራችን አየር አልባ ክፍል ውስጥ አየር የሚሾልክበትን ቀዳዳ ፍለጋ ሳምንታት ፈጅተናል። ከዚያ የወሰድነው ልማድ ቀዳዳው ሳይገኝ ምንም አለመፍታት ነው። ለመኪናም እንዲሁ አደረግን።

አስቀድመን ፈሳሹ ምን እንደሆነ አረጋገጥን፤ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ማኖር ይበቃል። የናፍጣ ሞተር ዘይት በጥላሸት ጠቁሮ መሐል ላይ ጥቁር ነጥብ ይተዋል፤ የካምቢዮ ዘይት ወፈር ያለና በድኝ ሽታው የሚታወቅ ነው፤ የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፤ ናፍጣ በሽታው ይለያል፤ የራዲያተር ውኃ ቀለም ያለው ሲሆን በጣት መካከል እንደ ዘይት አያሟልጭም። የእኛው ጥቁር ነበር። ቀጥሎ የቀዘቀዘውን ሞተር በብሩሽና በጥቂት ናፍጣ አጥበን አደረቅነው። እጣቢውን በሰፋ ሳፋ መቀበል ግዴታ ነው፤ በጌዴኦ ተዳፋት ላይ መሬት የደፋነው ሁሉ የሚሄደው ታች ወዳለው ምንጭ ነው። ከዚያም በሞተሩ ላይ ለሕፃናት የሚሆን የገላ ዱቄት ነሰነስን፤ ዱቄት ዘይት ሲነካው ወዲያው ይጠቁራል። ልዩ ቀለም ዘይቱ ውስጥ ጨምሮ በአልትራ ቫዮሌት መብራት መፈለግም ይቻላል፤ ዱቄቱ ግን ከየትኛውም ሱቅ ይገኛል።

መጀመሪያ በዲላ ሜዳ ላይ ለሃያ ደቂቃ ተነዳ፤ ዱቄቱ እንደ ነጣ ተመለሰ። ከዚያ ወደ ቡሌ አቅጣጫ ዳገቱን ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጥተን ቆምን። ሲፈለግ የሚታየው ዝቅተኛው ሳይሆን ከፍተኛውና ወደ ፊት የቀረበው እርጥብ ቦታ ነው፤ ዘይትን ስበት ወደ ታች፣ ነፋስ ደግሞ ወደ ኋላ ይወስደዋልና። በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ላይ ጠብታ አለ። ከእርሱ በላይ በሞተሩ የኋላ ግድግዳ ቀጭን ጥቁር መስመር አለ። መስመሩ ደግሞ የሚነሣው ከቴስታታው በላይ ካለው፣ ቫልቭ ከቨር ከሚባለው ክዳን የኋላ ማዕዘን ነው። ሁለት ጊዜ ካምቢዮ ያስወረደው ዘይት ከላይ የመጣ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የክዳኑን ጓርኒሲዮን ለውጦ ይሄዳል። ይሁንና ጓርኒሲዮኑ ገና ለስላሳ ነበር፤ ቡሎኖቹም አልላሉም። ታዲያ ምን ገፋው? ክዳኑ ሥር ያለው ዘይት የሚረጭና የሚንሸራተት እንጂ ግፊት ያለው አይደለም። በፓምፑ መስመር ውስጥ፣ ማለትም በዘይት ፊልትሮውና በግፊት መጠቆሚያው በኩል፣ ሞተሩ ሞቆ ሲሠራ ሦስት አራት መቶ ኪሎ ፓስካል ሊኖር ይችላል፤ እነዚያ ሥፍራዎች የተሠሩትም ለዚያ ነው። ኦይል ሲልና የክዳን ጓርኒሲዮን ግን የተሠሩት በሁለቱም ጎናቸው ግፊቱ እኩል ይሆናል ተብሎ ነው። ሾላኪው ጋዝ የሚወጣበት መተንፈሻ የተበጀውም ይህን እኩልነት ለመጠበቅ ነው።

ስለዚህ ግፊቱን ለካን። መሣሪያው ማንም ተማሪ የሚሠራው ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ በዩ ቅርጽ ታጥፎ ግማሹ ድረስ ውኃ ይሞላል፤ አንዱ ጫፍ ለአየር ክፍት ሆኖ ሌላው በዘይት መሙያው አፍ ላይ በሚወተፍ ባለ ቀዳዳ ጎማ ይገጠማል። በሁለቱ የውኃ ገጾች መካከል ያለው እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 98 ፓስካል ነው። ቱቦው ከማራገቢያውና ከቀበቶዎቹ መራቅ አለበት፤ የሸሚዝ እጅጌም እንዲሁ። ጤናማ ሞተር ውኃውን እምብዛም አያንቀሳቅሰውም፤ ጥቂት ወደ ራሱ ቢስብም ደግ ነው። ነዳጅ ሲረገጥ የእኛው ውኃ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ተገፋ፤ ሦስት ኪሎ ፓስካል መሆኑ ነው። ቁጥሩ ያንሳል እንዳይባል፣ ይህ ግፊት መዳፍ በሚያህል መቶ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ሲያርፍ የሦስት ኪሎ ክብደት ያህል ይገፋል። በዘንጉ ላይ እንደ ከንፈር ለስለስ ብሎ ለተቀመጠ የጎማ ጠርዝ ይህ ብዙ ነው። አዲሶቹ ኦይል ሲሎች ሁለቴ የተሸነፉትም በዚህ ነው።

የመተንፈሻው ቱቦ ሲፈታ ውስጡ የቅቤ መልክ ባለው ዝቃጭ ተደፍኖ ተገኘ። ከየት መጣ? ናፍጣ ሲነድ የውኃ እንፋሎት ይወጣል፤ ከሾላኪው ጋዝ ጋርም ወደ ታች ይወርዳል። መኪናው ሌሊቱን በቡሌ ብርድ አድሮ ቀን በከተማዋ ውስጥ ለአጫጭር ጉዞ ሲነሣ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ይጠፋል፤ እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ውኃ ሆኖ ከዘይት ጋር ይዋሐዳል። አቀበቱ የገባውም እዚህ ላይ ነው። ሳሳ ባለው አየር ውስጥ ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሾፌሩም በዝቅተኛ ማርሽ ረግጦ ለረዥም ጊዜ ይነዳል፤ ሾላኪው ጋዝ ይበረክታል፤ ዘይቱ ይቀጥናል፤ መኪናው ወደ ኋላ ስላዘነበለም በክዳኑ ሥር ያለው ዘይት በዚያው የኋላ ማዕዘን ይጠራቀማል። ቁልቁለት ላይ እነዚህ ሁሉ ይገለበጣሉ። ባለቤቱ የተናገሩት ቃል በቃል ትክክል ነበር።

ቱቦው በናፍጣ ታጥቦ፣ ደርቆ ተመለሰ፤ ውኃው ከሦስት ሴንቲ ሜትር በታች ወረደ። ለጥንቃቄ የክዳኑ ጓርኒሲዮን ተለወጠ። ጓርኒሲዮን ሲገጠም ሁለቱም ገጾች ተፍቀው ይጸዳሉ፤ ቡሎኖቹ ከመሐል ተነሥቶ በመስቀልያ፣ በሁለት ሦስት ዙር፣ በእኩል ኃይል ይጠብቃሉ። እጅግ ማጥበቅ ስሱን ቆርቆሮ አጉብጦ አዲስ ቀዳዳ ይከፍታል። ሲሊኮን መደንቀርን አጥብቀን እንቃወማለን፤ ወደ ውስጥ የተረፈው ተገንጥሎ የፓምፑን ወንፊት ይዘጋል። ማፍሰስ ያቆማሉ ተብለው ዘይት ውስጥ የሚጨመሩት ፈሳሾችም ጎማውን ለጊዜው ያሳብጡ ይሆናል፣ ለተደፈነ መተንፈሻ ግን አንዳች አይፈይዱም።

መኪናው ፈጽሞ ዳነ አንልም። ፋሻዎቹ ያረጁ ስለሆነ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ይታያል፤ የሚቃጠለውን ዘይት ዱቄት አያገኘውም። ባለቤቱ አሁን በየቅዳሜው፣ ሜዳ ላይ አቁመው፣ ሞተሩ ከጠፋ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የዘይቱን መለኪያ እያዩ በደብተር ይመዘግባሉ። ባለፈው ከቡሌ ደርሰው ሌሊቱን ሥሩ ያነጠፍነው ካርቶን ላይ ሦስት ጠብታ ብቻ ተገኘ። አሸተትናቸው፤ የድኝ ሽታ አላቸው፤ የካምቢዮው ናቸው።