ነጭ ወይስ አረንጓዴ? የቀዶ ሕክምና ክፍል የግድግዳ ቀለም ንጽጽር

መግቢያ

የግድግዳ ቀለም ምርጫ በአብዛኛው እንደ ውበት ጉዳይ ይታያል። በቀዶ ሕክምና ክፍል ግን ቀለሙ ሐኪሙ በሚያየው ነገር ላይ ተጽዕኖ ስላለው የታካሚው ደኅንነት ጥያቄ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነጭንና አረንጓዴን በብርሃን መጠን፣ በዓይን ምቾትና የቆዳን ቀለም ሳያዛቡ በማሳየት ረገድ ማነጻጸር ነው።

ዳራ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በሽታ በተሕዋስያን እንደሚተላለፍ ሲታወቅ፣ ነጭ ቆሻሻን ስለሚያጋልጥ የንጽሕና መለያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1914 የሳን ፍራንሲስኮው ቀዶ ሐኪም ሃሪ ሸርማን በቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል የተዘጋጀውን አረንጓዴ የቀዶ ሕክምና ክፍል በጽሑፍ አስተዋወቁ። መነሻቸው አረንጓዴ የደም ቅላት ተቃራኒ ቀለም መሆኑ ነበር።

ንጽጽር

በብርሃን መጠን ነጭ ብልጫ አለው። የክፍሉ ገጾች ሁሉ 80 በመቶ የሚያንጸባርቁ ቢሆኑ፣ በተደጋጋሚ ነጸብራቅ ምክንያት በገጾቹ ላይ የሚያርፈው አማካይ ብርሃን ከመብራቱ በቀጥታ ከሚደርሰው 5 እጥፍ ይሆናል፤ 40 በመቶ ብቻ ቢያንጸባርቁ ግን ወደ 1.7 እጥፍ ይወርዳል።

በዓይን ምቾት ረገድ ውጤቱ ይገለበጣል። ከጠቆረ ቁስል ወደ ነጭ ግድግዳ ቀና ያለ ዓይን በነጸብራቁ ይታወካል፤ ወደ ቁስሉ ሲመለስም እስኪላመድ ጊዜ ይፈልጋል። በተጨማሪም ቀይን ለረጅም ጊዜ የተመለከተ ዓይን ነጭ ገጽ ላይ ሲያርፍ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ጥላ ያያል። ግድግዳው አረንጓዴ ሲሆን ጥላው ከቀለሙ ጋር ስለሚዋሐድ ብዙም አይታወቅም።

ሦስተኛው መመዘኛ አረንጓዴን ይገድባል። ከደማቅ አረንጓዴ ግድግዳ የሚመለሰው ብርሃን በታካሚው ቆዳ ላይ ስለሚያርፍ፣ የኦክስጅን እጥረትን የሚጠቁመውን የከንፈርና የምላስ ወደ ሰማያዊነት መለወጥ በዓይን ለመለየት ያስቸግራል።

መደምደሚያ

ከሁለቱ ቀለሞች አንዱም ብቻውን ሦስቱን መመዘኛዎች አያሟላም። ስለዚህ ጣሪያው ነጭ፣ በዓይን ትይዩ ያለው ግድግዳ ደግሞ ግራጫ የቀላቀለና የማያብረቀርቅ አረንጓዴ ቢሆን ይመረጣል። የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቆራረጥባቸው ሆስፒታሎች የጣሪያው ነጭነት ይበልጥ ያስፈልጋል፤ አነስተኛውን የመጠባበቂያ መብራት ለመላው ክፍል የሚያዳርሰው እርሱ ነውና። የመጨረሻው ውሳኔ ግን በክፍሉ ውስጥ በሚደረግ የብርሃን ልኬት መደገፍ ይኖርበታል።