በድምፅ ሠርቶ ማደር

ገበሬ በክንዱና በበሬው ጉልበት ያድራል። ሸማኔ በእጁና በእግሩ፣ ነጋዴም በሚዛኑ ያድራል። በድምፁ የሚያድር ሰውስ አለን? አዎን፣ አለ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው እኛ ራሳችን እንጀራችንን የምናገኘው በድምፃችን ነው። በሬዲዮ ስለ ሳሙና፣ ስለ ክትባት ወይም ስለ ምርጥ ዘር ሲነገር የምትሰሙት ድምፅ የእኛን የመሰሉ ሠራተኞች ድምፅ ነው። ዛሬ ይህ ሥራ ምን እንደሆነና ሠራተኛው ከምን እንደሚጠነቀቅ እንነግራችኋለን። ሥራው ከናንተ ኑሮ የራቀ ቢመስልም፣ እስከ መጨረሻው ብታነቡት ለናንተም የሚሆን ነገር አለበት።

ሥራው ምንድን ነው?

በድምፅ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። ዱሮ አዋጅ ነጋሪ ነጋሪት እየተጎሰመ በገበያ መካከል ቆሞ ለሕዝብ ያሰማ ነበር። በ1927 ዓ.ም. በአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ ሲመረቅ ግን የአንድ ሰው ድምፅ ገበያውን አልፎ፣ ተራራውን ተሻግሮ ይሰማ ጀመር። ከብዙ ዓመት በኋላም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› በሬዲዮ ሲተርክ፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር መጽሐፉን በጆሮው አነበበው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን የውጭ አገር ድራማዎችን አማርኛ ድምፅ እያለበሰ ማቅረብ ጀመረ። የሚታየው ሰው የቱርክ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የሚሰማው ድምፅ ግን አዲስ አበባ ተቀምጦ የተናገረ ሰው ድምፅ ነው።

የድምፅ ሠራተኛ ማስታወቂያ ያነባል፤ መጽሐፍ ይተርካል፤ ለፊልም ድምፅ ይሰጣል፤ ስልክ ስንደውል የሚመልስልንን መልእክት ይቀርጻል። አንዳንዱ በወር ደመወዝ ተቀጥሯል። ብዙዎቻችን ግን ቀጣሪ የለንም። ሥራ ሲገኝ እንጠራለን፤ ሠርተን፣ ዋጋችንን ተቀብለን እንሄዳለን። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ በከተማ ‹‹ፍሪላንስ›› ይሉታል። ነገሩ በመኸር ጊዜ ለአጨዳ እንደሚጠራ የቀን ሠራተኛ ነው።

ድምፅ ከየት ይመጣል?

በጉሮሯችን ውስጥ፣ ማንቁርት በሚባለው ቦታ፣ 2 ቀጫጭን የሥጋ እጥፋቶች አሉ። የድምፅ አውታሮች ይባላሉ። ከሳንባ የሚወጣው አየር በመካከላቸው ሲያልፍ እንደ ክራር ጅማት ይርገበገባሉ። አንድ ወንድ ሲናገር በ1 ሴኮንድ 100 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። በሴት ደግሞ 200 ጊዜ ያህል ነው። የሴት ድምፅ የሚቀጥነው ስለዚህ ነው። ምላስ፣ ጥርስና ከንፈር ያንን ድምፅ ቀርጸው ቃል ያደርጉታል።

እንግዲህ እነዚህ 2 እጥፋቶች ለኛ እንደ በሬ ናቸው። በሬ ያለ ውኃና ያለ ዕረፍት አያርስም። እኛም ውኃ ቶሎ ቶሎ እንጠጣለን፤ ከትምባሆና ከምድጃ ጢስ እንርቃለን፤ ያለ ነገር አንጮኽም። ይህ ለሁሉም ሰው የሚጠቅም ምክር ነው። ድምፃችሁ ከ3 ሳምንት በላይ ሻክሮ ከቆየ ‹‹ብርድ ነው፣ ይለቀኛል›› ብላችሁ አትተዉት። ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ጥሩ ድምፅ ብቻ አይበቃም

ብዙ ሰው ‹‹ድምፁ ካማረ ሌላ ምን ያስፈልጋል?›› ይላል። እኛ ግን ከድምፅ በፊት ንባብ ይቀድማል እንላለን።

የአማርኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። ‹‹አለ›› የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ሲላላ ‹‹ተናገረ›› ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ‹‹ይገኛል›› ማለት ነው። ‹‹ገና›› ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። እናንተ ስታነቡ እንዲህ ባለው ቃል ላይ ቆም ትላላችሁ አይደል? እኛም እንቆማለን። ስለዚህ ወደ ስቱዲዮ ከመግባታችን በፊት ጽሑፉን 3 ወይም 4 ጊዜ እናነበዋለን። በሚጠብቀው ፊደል ላይ በእርሳስ ምልክት እናደርጋለን። ትንፋሽ የምንወስድበትን ቦታም እናሠምርበታለን። ቁጥር ካለ ሳንደናቀፍ እንድንጠራው ደግመን ደጋግመን እንለማመደዋለን።

ስሕተት ቀላል ነገር አይደለም። አንድ መድኃኒት ‹‹በቀን 2 ጊዜ›› የሚወሰድ ቢሆንና እኛ ‹‹በ2 ቀን 1 ጊዜ›› ብለን ብናነብ፣ የሰማው ሰው ልጁን ይጎዳል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለኛ ተረት ሳይሆን የሥራ ሕግ ነው።

የምንቀርጽበት ክፍልም ጸጥ ያለ መሆን አለበት። ባዶ ግድግዳ ድምፅን እንደ ገደል ማሚቶ ይመልሳል። ስቱዲዮ መከራየት ያቃተው ሠራተኛ በቤቱ ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስና ጋቢ ሰቅሎ ይሠራል። ከማይክራፎኑ አንድ ስንዝር ያህል ይርቃል፤ ‹‹ፐ›› ሲል የሚወጣው ትንፋሽ ማይክራፎኑን እንዳይመታው ፊቱን ጥቂት ዘወር ያደርጋል። የጎረቤት ዶሮ ከጮኸ እንደገና ይጀምራል።

የገንዘቡ ነገር

ዋጋ የምንነጋገረው በሥራው ዓይነትና ርዝመት ነው። የ30 ሴኮንድ ማስታወቂያ ጽሑፉ ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። ግን ለዚያች ግማሽ ገጽ ግማሽ ቀን ልንቆም እንችላለን። ዓመት በዓል ሲቃረብ ነጋዴው ሁሉ ዕቃውን ለማስተዋወቅ ስለሚቸኩል ሥራ ይበዛል። በዓሉ ሲያልፍ ስልካችን ዝም ይላል። ጡረታ የሚቆጥርልን፣ ስንታመም ደመወዝ የሚከፍለን ቀጣሪ የለም። ስለዚህ በደግ ጊዜ ያገኘነውን ሁሉ ከበላን በክፉ ጊዜ እንራባለን። ጎተራ ምን እንደሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልገንም።

ያልተነበበ ወረቀት

አሁን በራሳችን ላይ የደረሰውን እንንገራችሁ። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ ለሚሸጠው ዕቃ ማስታወቂያ አስነበበን። ‹‹በሬዲዮ የሚነገረው ለ3 ወር ነው›› አለን። ዋጋውንም በ3 ወር ልክ ተስማማን። ያስፈረመን ወረቀት 2 ገጽ ነበር። እኛ የምንተዳደረው በማንበብ ነው። ያን ቀን ግን ‹‹ሰውየው ጨዋ ነው፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?›› ብለን ሳናነብ ፈረምን።

3 ወር አለፈ፤ ማስታወቂያው አልቆመም። ዓመት ሞላው። የባሰው ግን ሌላ ነው። ተመሳሳይ ዕቃ የሚሸጥ ሌላ ሰው ሊያሠራን ፈልጎ ነበር። ‹‹ድምፃችሁ የዚያኛው ዕቃ ድምፅ ሆኗል፤ አይሆነኝም›› ብሎ መለሰን። ወደ ነጋዴው ሄደን ብንጠይቀው ወረቀቱን አውጥቶ በጣቱ አሳየን። በ2ኛው ገጽ ግርጌ ‹‹ያለ ጊዜ ገደብ›› የሚሉ 3 ቃላት ነበሩ። ከሥራቸው የኛው ፊርማ አለ። ምን እንበል? አንገታችንን ደፍተን ተመለስን። የዚያን ዓመት የቤት ኪራይ የከፈልነው ተበድረን ነው።

ፊደል ያልቆጠረ ሰው ምን እንዳለበት በማያውቀው ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን አትሞ ንብረቱን ቢያጣ ያሳዝናል። እኛ ግን ፊደል ቆጥረን ሳለ ያው ደረሰብን። ለካ ማንበብ መቻልና ማንበብ ለየቅል ናቸው!

ከዚያ ወዲህ የምናደርገው

1. ወረቀቱን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ቃል እናነባለን። ያልገባንን ቃል እንጠይቃለን። ‹‹ቶሎ ፈርሙ›› የሚለን ሰው ካለ ይበልጥ ቀስ እንላለን።

2. ድምፃችን የት፣ ለምንና እስከ መቼ እንደሚሰማ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል እናጽፋለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በጽሑፍ የሚደረግ ውል በተዋዋዮቹ እንዲፈረምና በ2 ምስክሮች እንዲረጋገጥ ይላል። ይህን አንዘነጋም።

3. ከውሉ አንድ ቅጂ ወደ ቤታችን ይዘን እንሄዳለን።

4. መብታችንን እናውቃለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ ብቻ ሳይሆን ለከዋኝም መብት ይሰጣል። ከዋኝ ማለት የሚዘፍን፣ የሚተውን፣ የሚተርክ ሰው ማለት ነው።

5. ዛሬ ኮምፒውተር የአንድን ሰው ድምፅ ከሰማ በኋላ መስሎ መናገር ችሏል። ስለዚህ ‹‹ያለ ፈቃዳችን ድምፃችንን አስመስሎ መሥራት አይፈቀድም›› የሚል ቃል እንጨምራለን።

ይህ ምክር ለድምፅ ሠራተኛ ብቻ ነውን? አይደለም። እናንተም መሬት ስታከራዩ፣ ማዳበሪያ በዱቤ ስትወስዱ፣ በሬ ስትሸጡ ወረቀት ይቀርብላችኋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ነገር ግን የተጻፈው ምን እንደሆነ ያላወቀ ሰው የሚወርሰው ዕዳ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ያገኛችሁትን ንባብ ሥራ አታስፈቱት። ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ፤ ጮክ ብላችሁ ለቤተሰባችሁም አሰሙ።

ጥያቄዎች

1. የድምፅ አውታሮች የት ይገኛሉ? እንዴትስ ድምፅ ይሰጣሉ?
2. ‹‹አለ›› ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ ምን ምን ነው? እንዲህ ያሉ ሌሎች 2 ቃላት ፈልጉ።
3. ጸሐፊዎቹ ገንዘባቸውን ያጡት ለምንድን ነው?
4. እናንተ ወይም የምታውቁት ሰው ሳያነብ የፈረመው ወረቀት አለን? ምን ተከተለ? ተወያዩበት።