የቧንቧ ውኃና በዓይን የማይታዩ ኬሚካሎች
በቂርያት ማላኺ፣ በገዴራና በያቭኔ ለሚኖሩ አዲስ ገቢዎች የተዘጋጀ ትምህርት

የትምህርቱ ዓላማ፦ ይህን ትምህርት ካነበቡ በኋላ ፒፋስ የሚባሉት ኬሚካሎች ምን እንደሆኑ፣ በውኃ ውስጥ መኖራቸው እንዴት እንደሚታወቅ፣ እንዲሁም ስለ ከተማዎ ውኃ ማንን ምን ብለው እንደሚጠይቁ ያውቃሉ።

1. መግቢያ
በኢትዮጵያ ገጠር ውኃ ከምንጭ ወይም ከወንዝ በእንስራ ይቀዳል። የደፈረሰ እንደሆነ በዓይን ይታያል፤ ሽታውና ጣዕሙም ያስታውቃል። የተጠረጠረን ውኃ አፍልቶ መጠጣት ጀርሞችን ስለሚገድል ጥሩ ልማድ ነው። በዚህ ትምህርት የምንመለከታቸው ኬሚካሎች ግን በዓይንም፣ በአፍንጫም፣ በምላስም አይታወቁም፤ በማፍላትም አይወገዱም። እንዲያውም ውኃው ሲፈላ በእንፋሎት ስለሚቀንስ የቀረው ውኃ ውስጥ ይበልጥ ይጠራቀማሉ። መኖር አለመኖራቸው የሚታወቀው በላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው። ስለዚህ የምርመራውን ውጤት መጠየቅ ይገባል፤ መጠየቅም የእያንዳንዱ ነዋሪ መብት ነው።

2. ፒፋስ ምንድን ነው?
ፒፋስ ማለት ካርቦንና ፍሎሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አጥብቀው የተያያዙባቸው፣ በፋብሪካ የሚሠሩ በሺህ የሚቆጠሩ ኬሚካሎች የጋራ ስም ነው። ውኃም ሆነ ቅባት እንዳይይዝ ስለሚከላከሉ ምግብ በማይዝ መጥበሻ፣ ዝናብ በማያስገባ ልብስ፣ በምንጣፍና የነዳጅ እሳትን በሚያጠፋ አረፋ ውስጥ ሲያገለግሉ ቆይተዋል። በቀላሉ ስለማይበሰብሱ «ዘላለማዊ ኬሚካሎች» ተብለዋል። መሬት ላይ የፈሰሰው ከዝናብ ጋር እየሰረገ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይገባል። አንዳንዶቹ በሰው ደም ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ።

ልብ ይበሉ፦ ፒፋስ ከፍሎራይድ የተለየ ነገር ነው። ፍሎራይድ በተፈጥሮ በድንጋይና በውኃ የሚገኝ ማዕድን ሲሆን በጥርስ ሳሙናም ውስጥ አለ። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ፣ የብዙ ሰዎችን ጥርስ ያበለዘው በጉድጓድ ውኃ ውስጥ የበዛው ፍሎራይድ ነው። እስራኤልም ለጥርስ ጤና ፍሎራይድ በውኃ እንዲጨመር የሚያስገድደውን ደንብ በ2014 አንስታለች። አንድ ሰው «ፍሎር» ሲልዎት ስለ የትኛው እንደሚናገር ይጠይቁ።

3. ከሌሎች አገሮች ምን እንማራለን?
በአሜሪካ፣ በዌስት ቨርጂኒያ፣ ዊልበር ቴናንት የተባለ ገበሬ ከብቶቹ አንድ በአንድ ሲያልቁበት ከዱፖንት ኩባንያ ቆሻሻ መጣያ የሚወርደውን ጅረት ጠረጠረ። ጠበቃው ሮበርት ቢሎት በ1999 ኩባንያውን ከሰሰ። ነገሩ ሲመረመር ከፒፋስ አንዱ በአካባቢው የመጠጥ ውኃ ውስጥ ጭምር ተገኘ። ወደ 69,000 የሚጠጉ ሰዎች ደማቸውን ሰጥተው ተመረመሩ። የሳይንቲስቶች ቡድን በ2012 ሥራውን ሲያጠናቅቅ ኬሚካሉ ከስድስት ሕመሞች ጋር ሊያያዝ እንደሚችል አስታወቀ፤ ከነዚህም የኩላሊት ካንሰር፣ የታይሮይድ ሕመምና በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊት ይገኛሉ።

በስዊድን በሩነቢ ከተማ ደግሞ ከወታደራዊ አውሮፕላን ማረፊያ የፈሰሰ የእሳት ማጥፊያ አረፋ ወደ ከተማው ውኃ ገብቶ ነበር። በ2013 ውኃው ተመርምሮ ብክለቱ ሲታወቅ የውኃ ማደያው ጣቢያ ተዘጋ። እስከዚያ ድረስ ነዋሪዎቹ ጥርት ያለ ውኃ የሚጠጡ ይመስላቸው ነበር። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» የሚለው ያገራችን አባባል እዚህ ላይ ይሠራል።

4. ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?
የሠለጠነ ሠራተኛ ከቧንቧው ወይም ከጉድጓዱ ውኃ ይቀዳል። መሣሪያው ራሱ ናሙናውን እንዳይበክል ቴፍሎን የሌለበት ልዩ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይጠቀማል፤ ዝናብ የማያስገባ ልብስ ከመልበስና የእጅ ቅባት ከመቀባትም ይጠነቀቃል። ናሙናው በቅዝቃዜ ተይዞ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።

ውጤቱ የሚጻፈው በናኖግራም በሊትር ነው። አንድ ናኖግራም የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። አራት ናኖግራም በሊትር ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በአንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ውስጥ እንደ መበተን ነው። አሜሪካ በ2024 ፒኤፍኦኤና ፒኤፍኦኤስ ለተባሉት ሁለት ኬሚካሎች ያወጣችው ወሰን ለእያንዳንዳቸው 4 ናኖግራም ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2020 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ለ20 ኬሚካሎች ድምር 100 ናኖግራም ነው። ወሰኑ ከአገር አገር ስለሚለያይ «ውኃው ደህና ነው» የሚል መልስ ብቻ አይበቃም፤ ቁጥሩ ራሱ መታወቅ አለበት።

5. ውኃችን ከየት ይመጣል?
በእስራኤል ከባሕር ዳር እስከ ደቡብ ያሉ ከተሞች ውኃ ከተለያየ ቦታ ይቀላቀላል፦ ከከርሰ ምድር ጉድጓዶች፣ በ1964 ከተመረቀው ብሔራዊ የውኃ መስመር፣ እንዲሁም ጨው ከወጣለት የባሕር ውኃ። በያቭኔ አቅራቢያ የፓልማሂም ጣቢያ ከ2007 ጀምሮ የባሕር ውኃ ያጣራል። ጨው የሚያስቀረው ስስ ማጣሪያ አብዛኛውን ፒፋስም ያስቀራል፤ የጉድጓድ ውኃ ግን በዚያ ማጣሪያ ካላለፈ በአካባቢው መሬት ላይ የፈሰሰው ሁሉ ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ የያቭኔ ውጤት ለገዴራ፣ የገዴራም ለቂርያት ማላኺ አያገለግልም። እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ ከተማ መጠየቅ አለበት።

6. ማንን፣ ምን ብለው ይጠይቁ?
የውኃ አቅራቢው ስም በውኃ ሒሳብ ወረቀትዎ ላይ ተጽፏል። ለእርሱና ለኢሪያው ወይም ለሞዓጻው በጽሑፍ ያመልክቱ። ዕብራይስጥ የሚቸግርዎ ከሆነ መጋሼር ወይም በትምህርት የገፉ ልጆችዎ ይርዱዎት። በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የመረጃ ስልክ *5400ም መጠየቅ ይቻላል። በ1998 በወጣው የመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት ማንኛውም ዜጋ ከመንግሥትና ከከተማ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች መረጃ ሊጠይቅ ይችላል። በደብዳቤዎ ላይ የሚከተሉትን ይጻፉ፦
ሀ. ለሰፈራችን ውኃ የሚሰጡት የትኞቹ ምንጮች ናቸው?
ለ. ለፒፋስ ተመርምረዋል? መቼ?
ሐ. የትኞቹ ኬሚካሎች፣ በስንት ናኖግራም በሊትር ተገኙ?
መ. ከወሰን በላይ ከሆነ ምን ይደረጋል?
ፒፋስን በስሙ ጠርተው ይጠይቁ፤ ዘወትር የሚደረገው ምርመራ በዋናነት ጀርምንና ክሎሪንን የሚመለከት ነውና። የደብዳቤውን ቅጂ ከነቀኑ ያስቀምጡ።

7. ከቤት ለቤት ሻጮች ይጠንቀቁ
አንዳንድ ሻጮች ማጣሪያ ለመሸጥ በቤትዎ «ምርመራ» ያደርጋሉ። ሁለት የብረት ዘንግ ያለው መሣሪያ ውኃ ውስጥ ሲከቱ ውኃው ቡናማ ይሆናል፤ ቀለሙ የሚመጣው ግን ከብረቱ ነው። ቁጥር የሚያሳየው ትንሽ መሣሪያም የሚለካው በውኃው የሟሟውን ጨውና ማዕድን ነው። ሁለቱም ፒፋስን አያሳዩም። እዚያው ወዲያው አይፈርሙ። ቤትዎ መጥቶ የተሸጠልዎን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መሰረዝ ይቻላል። ቴዑዳት ኦሌ ከተሰጠዎ አምስት ዓመት ካልሞላው፣ በስልክ ተነጋግረው የገዙትን በአራት ወር ውስጥ መሰረዝ ይችላሉ።

ማጣሪያ ለመግዛት ከወሰኑ በነቃ ከሰል ወይም በስስ ማጣሪያ የሚሠራውን፣ ፒፋስን እንደሚቀንስም በጽሑፍ የተረጋገጠለትን ይምረጡ። በጊዜው ያልተለወጠ ማጣሪያ ጥቅሙ ይቀራል።

8. እስከዚያው ድረስ
መልሱ እስኪመጣ ውኃ መጠጣትዎን አያቁሙ። በውኃ ፋንታ ለልጆች ኮላና ጣፋጭ መጠጥ መስጠት የታወቀ ጉዳት አለው። ለሕፃን ወተት ስለሚበጠበጥ ውኃ የቲፓት ሐላቭ ነርስን፣ ስለ ጤናዎ የኩፓት ሆሊም ሐኪምዎን ያማክሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ውኃን ማፍላት ከምን ያድናል? ከምንስ አያድንም?
2. ፒፋስና ፍሎራይድ በምን ይለያያሉ?
3. የውኃ ሒሳብ ወረቀትዎን ወደ ክፍል ይዘው ይምጡ። የአቅራቢውን ስም ፈልገው ካገኙ በኋላ፣ አንድ ከተማ የሆናችሁ አብራችሁ ደብዳቤውን ጻፉ።