ደቢያንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጭኑ

ጥያቄ፦ አሮጌ ላፕቶፔ ላይ ደቢያንን ልጭን አስቤ መመሪያው በዛብኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መመሪያው የረዘመው ለብዙ ዓይነት ኮምፒውተሮች ስለተጻፈ ነው፤ ለእርስዎ የሚበቃው ጥቂቱ ነው። አደራ የምለው አንድ ነገር አለ፦ አስቀድመው ሰነድና ፎቶዎን ሌላ ቦታ ይገልብጡ። ዲስኩ ሲከፋፈል «ሙሉውን ዲስክ ተጠቀም» የሚለውን ከመረጡ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

«ላይቭ» የተባለውን ቅጂ አውርደው በምስል መጻፊያ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ይጻፉት፤ ፋይሉን ዝም ብሎ መገልበጥ አይሠራም። ላፕቶፑን በፍላሹ ሲያስነሱ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራታቸውን ምንም ሳይጭኑ ያያሉ። በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው 12ኛው እትም ወዲህ የዋይፋይ ፈርምዌር አብሮ ስለሚመጣ የድሮው ጣጣ ቀንሷል። ደስ የሚለኝ ደግሞ፣ በበጎ ፈቃደኞች ትጋት በሥዕላዊው መጫኛ የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ አማርኛም አለ።