ቀኑን ምሳው ይምራው

በየመሥሪያ ቤቱ «እስቲ አንድ ቀን ሰብሰብ ብለን ወጣ እንበል» የሚል ሰው አይጠፋም። ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ቀን ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ግን መኪና መፈለጉ፣ መዋጮ መሰብሰቡ፣ በንጋት ደውሎ እንቅልፋሙን መቀስቀሱ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ይህ ምክር ለዚያ ሰው ነው። የመጀመሪያ ቡድኑን ይዞ ለሚወጣ ጀማሪ አስጎብኚም ይጠቅማል፤ ሥራው አንድ ነውና።

ምሳሌ የማደርገው ደጋግሜ የሄድኩበትን መንገድ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ የሚወስደውን። በዚህ መስመር መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ የመልካ ቁንጡሬ የቅድመ ታሪክ ሥፍራ፣ ከዐለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም እና የጢያ ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። ጢያን አልፎ ወደ ቡኢ ሲዘለቅ ደግሞ የሶዶ ክስታኔ ጉራጌ ገበሬ ከነእንሰቱና ከነላሙ አለ። ቅርስና የገበሬ ማዕድ በአንድ ቀን ለማገናኘት ለአዲስ አበባ ሠራተኛ ከዚህ የሚቀርብ መስመር አላውቅም።

መንገዱን የተማርኩት ግን በስሕተት ነው። መጀመሪያ ሰው ይዤ የወጣሁ ጊዜ ሦስቱንም ቅርሶች ከምሳ በፊት ልጨርስ ብዬ ተነሳሁ። አንዱ ፎቶ ሲያነሳ፣ አንዷ ቡና ስትጠጣ፣ እኔም ሁሉንም ላስረዳ ስል ለሰባት ሰዓት የቀጠርነው ምሳ ጋ የደረስነው አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ክትፎው ላይ ቅቤው ረግቷል፣ ቆጮው ደርቋል። ያዘጋጁልን እናት አልተቆጡም። «እኛም አልበላንም፤ እንግዳ ሳይመጣ እንዴት ይበላል?» አሉ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንዳይመሽብን ተጣድፈን በላን፤ ቡናው ሳይፈላ ተነሳን። ከዚያ ወዲህ የማንኛውንም ጉዞ ዕቅድ የምጀምረው ከምሳው ነው። ቅርሱ ለዘመናት የቆመ ነው፣ ለአንድ ሰዓት መዘግየት አይቀየምም። ምጣድ ላይ ያለው ግን አይጠብቅም።

ከጓዳ ጀምሩ

ቆጮ የችኮላ ምግብ አይደለም። እንሰቱ ለመቆረጥ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዓመት ይፈጅበታል። ከተፋቀ በኋላ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ተቀብሮ ይብላላል፤ ለሳምንታት ወይም ለወራት እዚያው ይቆያል። እንግዳ በሚመጣበት ዕለት የሚፈለገው ያህል ይወጣና ይጨመቃል፣ ቃጫው በቢላ ይከተከታል፣ ከዚያ ተጋግሮ ትኩሱን ይቀርባል። ክትፎውም ቅቤው ከገባበት በኋላ ወዲያው መበላት አለበት። ስለዚህ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ደውሉ፣ ሁለት ቀን ሲቀረው የሰዉን ቁጥር አረጋግጡ፣ በዕለቱ ደግሞ ከጢያ ስትነሱ «መንገድ ላይ ነን» በሉ። ምጣዱ የሚጣደው በዚያች የመጨረሻ ስልክ ነው።

«ገበሬ ቤት ከየት ይገኛል?» ለሚል መልሱ ብዙ ጊዜ አጠገቡ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የጉራጌ ልጅ የሌለበት መሥሪያ ቤት ማግኘት ይከብዳል። በመስቀል አገሩ የሚገባው የሥራ ባልደረባችሁ አክስቱን ወይም የአክስቱን ጎረቤት ያገናኛችኋል። ካልሆነ የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይጠየቃል። በደላላ አትሂዱ። ዋጋውን ከምግቡ ባለቤት ጋር በሰው ቁጥር ተነጋገሩ፣ ለሥጋና ለቅቤ መግዣ የሚሆን ቀብድ ላኩ። ገበሬ ከኪሱ አውጥቶ እናንተን እንዲጠብቅ መጠየቅ ነውር ነው።

ስትደውሉ የምትጠይቁት ደግሞ ይህ ነው፦ በዚያ ወቅት ምን አለ? አይብ አለ ወይ? ቡላ ወይም አሚቾ መቅመስ ይቻላል? እጅ መታጠቢያ ውኃና ሽንት ቤት አለ? ዝናብ ቢመጣ የት እንቀመጣለን? የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አፍራችሁ ከዘለላችሁ፣ በዕለቱ ከእናንተ ይልቅ ባለቤቶቹ ያፍራሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እንሰት ሲፋቅ ማየት የሚፈልግ እንግዳ ብዙ ነው፤ ሥራው ግን በየቀኑ የሚሠራ አይደለም። ለፎቶ ተብሎ አንድ እንሰት እንዲቆረጥ አትጠይቁ። የዓመታት ልፋት ነው፣ የቤተሰብ ቀለብ ነው። ጓሮውን ዞሮ ማየት፣ መፋቂያውንና ጉድጓዱን መመልከት ይበቃል።

ማን ምን ይበላል?

መዋጮ ስትሰበስቡ ከስም ዝርዝሩ አጠገብ ሌላ ዓምድ አስምሩ። የሚጾም፣ የማይጾም፣ ጥሬ የሚበላ፣ የማይበላ፣ የክርስቲያን ሥጋ፣ የሙስሊም ሥጋ። ይህን በጊዜ መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም፤ የሚያስቀይመው ማዕድ ቀርቦ እጅ መሰብሰብ ነው። ቡድኑ ድብልቅ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቆጮው፣ ጎመኑ፣ አይቡ የጋራ ይሁን፤ ሥጋው ከሁለት ቤት ይምጣ ወይም ይቅር። ትኩስ ቆጮ በአይብና በጎመን የቀረበለት ሰው ሥጋ ቀረብኝ ብሎ ሲያዝን አላየሁም።

የቀን መቁጠሪያውንም ተመልከቱ። ሥራ ዝግ ስለሆነ ብቻ ቀን አትቁረጡ። የካቲት 23 የዓድዋ በዓል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። ረቡዕና ዓርብም ጾም ነው። ቅዳሜና እሑድ ቢሆኑም በዐቢይ ጾም የፍስክ ምግብ አይቀርብም። የግድ በጾም ከሆነ የጾም ምግብ እዘዙ። አይቡና ቅቤው ቢቀርም ጎመኑና አሚቾው አለ።

ክትፎውን በተመለከተ፣ ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያስተላልፍ እንደሚችል የታወቀ ነው። ነፍሰ ጡሮች ጥሬ ሥጋም ሆነ ካልፈላ ወተት የተሠራ አይብ ቢተዉት ይሻላል። ለብለቡ ላዩ ብቻ ሞቆ ውስጡ ጥሬ ስለሚሆን ለሚጠነቀቅ ሰው መፍትሔ አይደለም። «ደህና ተደርጎ ይብሰል» ብሎ አስቀድሞ ማዘዝ ይቻላል፤ ባለሙያ ሴት አትቀየምም።

ሰዓቱና ቅደም ተከተሉ

እሑድን ምረጡ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተሰባሰቡ፣ 12 ሰዓት ሲሆን መኪናው ይንቀሳቀስ። የቀረ ሰው እንደማይጠበቅ ቀድሞ ይነገር። መልካ ቁንጡሬን እያያችሁ እለፉት፤ ለመመለሻ ይቆይ። መጀመሪያ አዳዲ ማርያም ግቡ። ከዋናው መንገድ ወጥቶ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚያስኬድ በክረምት መንገዱን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቤተ ክርስቲያኗን ከምሳ በፊት ያደረግሁበት ምክንያት አለኝ። በልቶ ቤተ መቅደስ መግባት የማይፈልግ ምእመን አብሯችሁ ይኖራል፤ ቅዳሴ ማስቀደስ የሚፈልግም አይጠፋም። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ ጎብኚው ቅጥር ግቢ ውስጥ በጸጥታ ይጠብቅ። ጫማ ይወልቃል፤ ሴቶች ነጠላ፣ ሁሉም ጨዋ ልብስ ይያዙ። ከውስጥ ስለሚጨልም ባትሪ ጥሩ ነው፤ ፎቶ ግን በፈቃድ ብቻ። አልገባም የሚል ሰው ካለ ውጪ ይቆይ። «ለምን?» ብሎ መጠየቅ የአስተባባሪ ሥራ አይደለም። ቁርስ ከዚያ ስትወጡ ትንሽ ብቻ ይቀመስ። ምሳውን አስቡ።

ወደ አምስት ሰዓት ጢያ ድረሱ። አንድ ሰዓት ይበቃል። ሰባት ሰዓት ምሳ። እዚህ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ቡናው ብቻ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ቡናውን ያልቆጠረ ዕቅድ ዕቅድ አይደለም። አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ መልካ ቁንጡሬ መድረስ ከተቻለ እሰየው፤ ሙዚየሙ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ካልተቻለ ይለፋችሁ። ሳይጨልም አዲስ አበባ መግባት ከማንኛውም ቅርስ ይበልጣል። የመንገዱን ደህንነትም ከመሄዳችሁ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ በዚያ ከሚኖር ሰው አጣሩ። «ዘንድሮ አይመከርም» ከተባላችሁ ቀብዱ ይቅር እንጂ ሰው ይዛችሁ አትውጡ።

ምን ትናገራላችሁ?

አስተባባሪ የታሪክ ምሁር መሆን የለበትም። በየቦታው ሦስት እውነት ይዞ ቢሄድ ይበቃዋል፤ ሰዉ ምሳ ላይ የሚያወራው እሱን ነው።

አዳዲ ማርያም ላይ፦ ትውፊቱ የሠራት ንጉሥ ላሊበላ ነው ይላል። ዐለቱ ዙሪያዋን ተቆፍሮ የወጣች ስለሆነች ከሩቅ አትታይም፤ ጣሪያዋ ከመሬት እኩል ነው። «ላሊበላን ለማየት ገንዘብ አልሞላልኝም» ለሚል ባልደረባ ይህች ጥሩ መጽናኛ ናት።

ጢያ ላይ፦ ሥፍራው በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። 36 ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። በሶዶ ምድር ከተገኙት ወደ 160 ከሚሆኑ መሰል ሥፍራዎች አንዱ ነው። ቁፋሮ ሲካሄድ ሥሩ መቃብር ተገኝቷል። ጎልቶ የሚታየው ምልክት ሰይፍ ነው። አንዳንዱ የሰይፉ ቁጥር ሟቹ የጣለው ጠላት ቁጥር ነው ይላል፤ ሌላው ቅጠል የሚመስለውን ምልክት እንሰት ነው ይለዋል። የአካባቢው ሰው ድንጋዩን ከግራኝ ጋር ያያይዘዋል። እነዚህን ሁሉ ስትናገሩ «ይባላል» የሚለውን ቃል አትርሱ፤ አብዛኛው ምልክት እስካሁን አልተፈታም። የቦታውን አስጎብኚ አስቀድሙ፤ እሱ ሲናገር በላዩ ላይ አትናገሩ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ። ድንጋዩ ላይ መደገፍም ሆነ መቀመጥ ክልክል መሆኑን ከመኪና ሳትወርዱ ንገሩ።

መልካ ቁንጡሬ ላይ፦ ሥፍራውን በ1963 እ.ኤ.አ. ለጥናት ያስተዋወቀው ጄራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ ነው። በኋላ ዣን ሻቫዮን የተባለው ፈረንሳዊ ለዓመታት ቆፍሮበታል፤ ቀጥሎ የጣሊያን ተመራማሪዎች ገብተዋል። በአዋሽ ዳር የተገኘው የሰው ልጅ አሻራ እስከ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይሄዳል። መሣሪያ የተሠራበት ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚቆርጥ ድንጋይ የመጣው አጠገቡ ካለው ባልጪት ነው። ሁለቱም በአንድነት በ2024 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆነዋል። ሙዚየሙ በጎጆ ቤቶች የተከፈለ ስለሆነ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ለሚያዳፋው ሰው አመቺ ነው፤ ያራምደዋል።

ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ቀኑ ከቤተ መቅደስ ወደ ትክል ድንጋይ፣ ከትክል ድንጋይ ወደ ድንጋይ መሣሪያ ይጓዛል። በመካከሉ ያለው ምሳ ብቻ ነው የዛሬ፤ እሱም ቢሆን እናቶች ለልጆቻቸው ሲያስተላልፉት የኖረ ሙያ ነው።

ሰው፣ መኪና፣ ገንዘብ

ከአሥር ሰው አይብለጥ። ስምንት ደግሞ የተሻለ ነው። አሥር ሰው በአንድ አባዱላ ይሄዳል፣ በአንድ ጎጆ ይቀመጣል፣ የአንድን አስጎብኚ ድምፅ ይሰማል። ሃያ ሲሆን ሁለት መኪና፣ ሁለት ዝርዝር፣ ሁለት ዓይነት ቅሬታ ይመጣል፤ ገበሬው ቤትም ምሳ መሆኑ ቀርቶ ድግስ ይሆናል።

ከሾፌሩ ጋር ነዳጅ በማን እንደሆነና ውሎ አበሉን በጽሑፍ ተስማሙ። ምሳ ሲቀርብ ከእናንተ ጋር ይብላ፤ የሚያመጣችሁም የሚመልሳችሁም እሱ ነው። በዚያው ምክንያት ጠላና አረቄው ቢመጣ እሱን አታስገድዱት።

መዋጮውን አስቀድማችሁ ሙሉውን ሰብስቡ፤ «ስንመለስ እሰጣለሁ» የሚል ቃል አይመዝገብ። ከምግብ፣ ከመኪና፣ ከመግቢያና ከአስጎብኚ ሌላ ጥቂት ለድንገተኛ ይያዝ። ለባለቤቶቹ ደግሞ ከክፍያው ውጪ ቡናና ስኳር ያዙ። የተከፈለበት ምሳ ቢሆንም ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ሒሳቡን በማግስቱ ለሁሉም አሳውቁ፤ የቀረ ሳንቲም ቢኖርም እንኳ ይነገር። በሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ የሚሰጧችሁ በዚህ ነው።

እንግዲህ ቀን ተቆርጦ ሥራው እናንተ ላይ ሲወድቅ፣ የመጀመሪያው ስልክ ለባለ መኪናው አይሁን። ለባለ ጓዳዋ ደውሉ፤ ስንት ሰዓት ላይ ምጣዷን እንደምትጥድ ጠይቋት። የቀረውን ቀን እሱ ያዘጋጅላችኋል።