ጫማውን ነው የፈተንነው ወይስ ለባሹን?

ቦርደዴ ቆላ ናት፤ አጎቴ ዓመቱን ሙሉ የሚሄዱት በሸበጥ ነው። አምና ሚስማር ሸበጡን በስቶ እግራቸው ሲገባ አልተሰማቸውም። ያወቅነው ማታ ደሙን አይተን ነው። ስኳር የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ሕመም የሚባለው ማስጠንቀቂያ አብሮ ይጠፋል።

አገራችን እንዲህ ያለውን እግር ድሮም የምታውቀው በሥጋ ደዌ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው አለርት ስሜት ላጣ እግር ጫማ ሲሠራ ኖሯል። ግን ጫማው ቁስል ይከላከላል ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ቀድሞ ቆስሎ የዳነ እግር ያላቸውን 171 የስኳር ሕመምተኞች ለሁለት ከፈለ። ሁሉም ልዩ ጫማ ነበራቸው፤ የአንደኛው ቡድን ጫማ ግን ውስጡ ያለው ጫና በመሣሪያ እየተለካ ተስተካከለ። በ18 ወር ውስጥ ከእነዚህ 38.8 በመቶው፣ ከሌሎቹ 44.2 በመቶው እንደገና ቆሰሉ። በስታቲስቲክስ ሚዛን የማይደፋ ልዩነት ነው። እኛ ብንሆን "ጫማው አልሠራም" ብለን ርዕስ ሰጥተን ወደ ማተሚያ ቤት እንልከው ነበር! ቆይ ግን፦ ከእርምጃቸው ቢያንስ 80 በመቶውን በጫማው የተራመዱት ለብቻ ሲቆጠሩ ቁጥሩ 25.7 እና 47.8 ሆነ።

ጫማው የሚወልቀው ደግሞ ቤት ውስጥ ነው። እዚያው ጥናት ላይ 107 ሰዎች ሲለኩ፣ ከቤት ውጭ ከእርምጃቸው 87 በመቶው በጫማው ነበር፣ ቤት ውስጥ ግን 61 በመቶ። እኛ ጋማ በር ላይ ማውለቅ ጨዋነት ነው። አጎቴን ለቤት ብቻ የሚሆን ሌላ ጫማ ይያዙ ብላቸው "ምንጣፍ ላይ በጫማ?" አሉኝ። እስካሁን እየተከራከርን ነው።