ስለ እከክ ደዌ በመንደር 8 የተደረገ ምልልስ

ወጣቱ፦ አባባ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. የትግራይን ጦርነት ሸሽተን በሉግዲ ወደ ሱዳን ተሻግረን እዚህ መንደር 8 የስደተኞች መጠለያ ከገባን ወዲህ፣ በአንድ ዳስ ተጠጋግተን ስናድር የጎረቤታችን ልጆች ገላቸውን ሲያኩ ያነጋሉ። እናታቸው ግን «ልጆቿን አታጥብም» እንዳይሏት ፈርታ ትሸሽጋለች።

አረጋዊው፦ መሸሸጓ ያሳዝነኛል፤ ደዌውን በቤት የሚያቆየው ይኸው ኃፍረት ነውና። እከክን የሚያመጣው እድፍ ሳይሆን፣ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊሜትር የማይሞላ፣ ስምንት እግር ያለው ተባይ ነው፤ ይህንም ቦኖሞ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም በ1687 እ.ኤ.አ. በማጉያ መነጽር ተመልክቶ ጽፎታል። እንስቲቱ የላይኛውን ቆዳ ፈልፍላ ገብታ በየቀኑ ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ትጥላለች፤ ሥጋም ከዚህ የተነሣ ተቆጥቶ፣ ይልቁንም በሌሊት፣ ያሳክካል። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብት፣ በወገብና በኀፍረተ ሥጋ ዙሪያ ተመልከት፤ በሕፃናት ግን በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በራስም ላይ ይወጣል።

ወጣቱ፦ አባታቸውን እስካሁን አላሳከከውም፤ እርሱም ይታከም?

አረጋዊው፦ ይታከም እንጂ! ደዌው ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ምንም ሳይሰማው ለሌላው ያስተላልፋል፤ መተላለፊያውም አብሮ መተኛት፣ ልጅ ማቀፍ፣ ገላ ከገላ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ መነካካት ነው። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ በአማራ ክልል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሲመረመሩ ከሦስቱ አንዱ ገደማ እከክ ተገኝቶበታል፤ ይህን ያህል ሕዝብ ንጽሕናውን ንቆ ነው ይባላልን? በኦሪት ዘመን ካህናት የቆዳ ደዌ ያለበትን መርምረው ከሰፈር ይለዩት ነበር፤ ለዚህ ደዌ ግን ፈውሱ ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን አብሮ መታከሙ ነው።

ወጣቱ፦ በምን?

አረጋዊው፦ ከክሊኒክ የሚሰጠውን ባለ 5 በመቶ የፐርሜትሪን ቅባት ማታ ከአንገት በታች ጥፍር ሥር ሳይቀር ተቀብተው ያድራሉ፤ ጠዋት ታጥበው ከሳምንት በኋላ ይደግሙታል። ለሕፃናት ሐኪሙ ራስንም ያስቀባል። የሚዋጠው አይቨርመክቲን ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅና ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ለእነርሱ የዲን ቅባት አለ። ልብስና ብርድ ልብስ በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ ውሃው ካነሰ፣ እዚህም ማነሱን እናውቃለን፣ በፌስታል አስረው ለሳምንት ያኑሩት፤ ተባዩ ከሰው ገላ ከተለየ ከሦስት ቀን በላይ እምብዛም አይኖርም።

ወጣቱ፦ ከታከሙ በኋላም ማሳከኩ ባይተዋቸውስ?

አረጋዊው፦ ተባዩ ሞቶም ቢሆን ማሳከኩ እስከ አራት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ቅባቱን በየቀኑ እየደጋገሙ ቆዳውን አያቃጥሉት። ነገር ግን የታከከው ቆስሎ መግል ከያዘ፣ ወይም የልጁ ፊት አብጦ ሽንቱ ከጠቆረ፣ ቁስሉን ያመረቀዘው ተሕዋስ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ክሊኒክ ይውሰዱት። አሁን ሂድና እናቲቱን ጥራት፤ አብረን እንሄዳለን።